ሜክሲኮ ካለው ቢሮ ሰርቨሩ ይነሣ ወይስ ይቆይ?

ይህን የኢንተርኔት መወያያ ክር፣ ማለትም ጥያቄውንና ከሥሩ የተደረደሩትን ምላሾች፣ የከፈተው ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ቢሮ ያለው የአንድ አስመጪና ጅምላ አከፋፋይ ድርጅት የአይቲ ኃላፊ ነው። ድርጅቱ መርካቶና ፒያሳ አንድ አንድ ሱቅ፣ ቃሊቲ ደግሞ መጋዘን አለው። ሂሳቡ የሚሠራው በፒችትሪ ነው፤ ሽያጩና ንብረቱ ደግሞ ለድርጅቱ ተብሎ በተጻፈ፣ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል በሆነ ፕሮግራም። ሁሉም ያለው ደረጃ ሥር በተቀመጠ ባለ 32 ጊጋባይት ራም ሰርቨር ላይ ነው። ከዚያ ጎን 400 ጊጋባይት የሚሆን ስካን የተደረገ ዲክላራሲዮን፣ ኢንቮይስና ደረሰኝ አለ። የኪራይ ውላቸው ሊያልቅ ስለሆነ ቢሮ መቀየራቸው አይቀርም። ሰርቨሩን ተሸክሞ ከመዞር አንደኛውን ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት በሚከራይ የሌላ ኩባንያ ሰርቨር ላይ) ቢወጣ የመብራቱም ጣጣ ያበቃል፣ ወጪውም ይቀንሳል የሚል እምነት አለው። የጠየቀው የትኛው ክላውድ ይሻላል ብሎ ነው።

ምላሾቹን በተራቸው አስቀምጣለሁ። ጥያቄው የትኛው የሚል ቢሆንም ክሩ የደረሰው ሌላ ቦታ ነው። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁትም ለዚሁ ነው፤ ከስታዲየም እስከ አራት ኪሎ ይኸው ውሳኔ ፊታቸው የተደቀነ ቢሮዎች ብዙ ናቸው።

1ኛው መላሽ በአክብሮት ጀመረ። መልስ ከመስጠቱ በፊት አራት ነገር እንዲነገረው ጠየቀ፦ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ሲስተሙ ላይ ይሠራል፣ የመስመሩ የመጫኛ ፍጥነት ስንት ሜጋቢት ነው፣ የስንት ሰዓት ሽያጭ ቢጠፋ ድርጅቱ ይችለዋል፣ ሲስተሙ ቢቆም ሱቆቹ ስንት ሰዓት በእጅ ደረሰኝ መሥራት ይችላሉ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን መመለስ ያለበት ሥራ አስኪያጁ እንጂ የአይቲ ኃላፊው እንዳልሆነም አከለ።

2ኛው ይህን ሁሉ ማለፍ ፈለገ። ዛሬ ሰርቨር መግዛት ኋላ ቀርነት ነው፤ 4 ፕሮሰሰርና 16 ጊጋባይት ራም ያለው ቨርቹዋል ማሽን (ክላውድ ላይ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ ድርሻ) በሰዓት 0.1664 ዶላር ይከራያል፣ ወሩን በ730 ሰዓት ብናባዛው 121 ዶላር ገደማ ነው፤ ዲስክ ቢሞት፣ መብራት ቢሄድ የሚጨነቀው ሌላ ሰው ነው አለ። መጠባበቂያ ቅጂውም በራሱ የሚወሰድ ስለሆነ ያ ጉዳይ ተዘግቷል ብሎ ደመደመ።

3ኛው መላሽ ሂሳቡን አንድ በአንድ ፈታታው። 0.1664 የአማዞን ክላውድ ቲ3 ኤክስላርጅ የተባለው ማሽን የሊኑክስ ዋጋ ነው፣ ያውም አሜሪካ ቨርጂኒያ ባለው ክልል (የዳታ ሴንተሮች ስብስብ)። ፒችትሪ ዊንዶውስ ይፈልጋል፤ እዚያው ክልል ያው ማሽን በዊንዶውስ 0.24 ይሆንና ወሩ 175 ዶላር ይገባል። ዲስኩ ለብቻው ይከፈላል፦ በጊጋባይት 0.08 ዶላር በወር፣ 500 ጊጋባይት ሲሆን 40 ዶላር። የሕዝብ አይፒ አድራሻ (ሰርቨሩ በኢንተርኔት የሚገኝበት ቁጥር) ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰዓት ግማሽ ሳንቲም ይከፈልበታል፤ በወር 3.65 ዶላር። ወደ ክላውዱ የሚገባ ዳታ ነፃ ነው፣ የሚወጣው ግን ከወሩ የመጀመሪያ 100 ጊጋባይት በኋላ ከአውሮፓ በጊጋባይት 0.09፣ ከኬፕታውን 0.154 ዶላር ያስከፍላል። ሰው ስካኑን ቀኑን ሙሉ እየከፈተ ሲያይ ሂሳቡ የሚያብጠው በዚህች መስመር ነው። ይህ ሁሉ በዶላር መሆኑንም አስታወሰ፤ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንዱ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በብር በጀት የያዘ ድርጅት ማሽኑን ሳይነካው ወጪው እጥፍ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም አለ። የ2ኛው ሐሳብ ስሕተት እንዳልሆነ፣ ግማሽ ብቻ እንደሆነ በትሕትና ነው የጻፈው።

የክሩ ልብ ያለው 4ኛው ምላሽ ላይ ነው። ዋጋውን ትቶ ፕሮግራሞቹ እንዴት እንደሚሠሩ ጠየቀ። ፒችትሪ መረጃውን የሚይዘው በተጋራ ፎልደር ውስጥ ባሉ ፋይሎች ነው፤ ከጀርባው ፐርቫሲቭ የሚባል የዳታቤዝ ሞተር አለ። የተሠራው በአንድ ሕንጻ ኬብል ውስጥ ላሉ ኮምፒውተሮች ነው። ፎልደሩን ክላውድ ላይ አውጥቶ ከቢሮ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ውስጥ በሚያልፍ የተመሰጠረ መስመር) መክፈት ይቻላል፣ ግን እንዲህ ያደረገ ሰው ሁለት ነገር ይገጥመዋል፦ አንድ መዝገብ ለመክፈት ደቂቃዎች መጠበቅ፣ መስመሩ በመመዝገብ መሃል ሲቋረጥ ደግሞ የተበላሸ ፋይል። ምክንያቱ የመስመሩ ስፋት አይደለም፣ የደርሶ መልሱ ጊዜ ነው። በቢሮ ኔትወርክ አንድ ጥያቄ ሰርቨር ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሚሊሰከንድ አይፈጅበትም፤ ከአዲስ አበባ አውሮፓ ደርሶ ለመመለስ ግን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ የተለመደ ነው። አንድ የሽያጭ ገጽ ለመክፈት 400 ጥያቄ የሚልክ ፕሮግራም ቢሮ ውስጥ 0.2 ሰከንድ ይበቃዋል፤ በ150 ሚሊሰከንድ መስመር ያው ገጽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ነው። የ10 ሜጋቢት መስመርን 100 ቢያደርጉት ያ ደቂቃ አይቀንስም።

ከዚያ ብዙ ሰው ያልጠበቀውን ነገር አነሣ። ኬፕታውን አፍሪካ ውስጥ ስለሆነ ቅርብ ይመስላል፣ በቀጥታ መስመር ሲለካ ግን ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርትም ኬፕታውንም 5,000 ኪሎሜትር አለፍ ይላሉ። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሚሊሰከንድ 200 ኪሎሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ኬብሉ እንደ ክር የተወጠረ ቢሆን እንኳ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ አይወርድም። ኬብሉ ደግሞ የተወጠረ አይደለም፤ ባሕር በር የሌላት አገር መጀመሪያ ጅቡቲን ወይም ሌላ ጎረቤት ማቋረጥ አለባት፣ አንዳንዴም ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ዳታ አውሮፓን ዞሮ ይወርዳል። ስለዚህ ካርታ አይቶ ክልል መምረጥ አይቻልም። የሥራ ሰዓት ላይ፣ ከራሱ ከቢሮው መስመር፣ ለፍራንክፈርት፣ ለባሕሬን፣ ለጆሃንስበርግና ለኬፕታውን ደርሶ መልሱንና መንገዱን በሚያሳዩት በፒንግና በትሬስራውት ትዕዛዞች አንድ ሳምንት መለካት ነው። አማካዩን ብቻ ሳይሆን የጠፉትን ፓኬቶች (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክባቸውን ቁራጮች) መቶኛም መመዝገብ ያስፈልጋል፤ 1 በመቶ መጥፋት ከ30 ሚሊሰከንድ ልዩነት የባሰ ሊጎዳ ይችላል።

ለፒችትሪ የሰጠው መፍትሔ ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ፕሮግራሙም ፋይሉም ክላውዱ ላይ ባለ አንድ ዊንዶውስ ሰርቨር ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ በመስመሩ የሚመጣው የስክሪኑ ምስል ብቻ ነው። ለአንድ ሰው የቢሮ ሥራ ከ100 እስከ 300 ኪሎቢት በሰከንድ ቢያዝ 15 ሰው 5 ሜጋቢት አይሞላም። መስመሩ ቢቋረጥ ሥራው እዚያው እንደተከፈተ ይቆያል፣ ፋይልም አይበላሽም። ወጥመዱ ፈቃዱ ላይ ነው፦ ዊንዶውስ ሰርቨር በነባሪ የሚፈቅደው ለአስተዳደር ሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚገባ የሪሞት ዴስክቶፕ ፈቃድ በየሰው ወይም በየኮምፒውተሩ መገዛት አለበት። ሳይገዛ ቢጀመር 120 ቀን ይሠራና በ121ኛው ቀን ከአስተዳዳሪ በቀር ማንንም አያስገባም። ይህ ደግሞ ሰኔ ላይ ሊውል ይችላል።

5ኛው ምላሽ አጭር ነው። ለድርጅቱ የተጻፈው ፕሮግራም ስንት ጥያቄ እንደሚልክ በምን ይታወቃል ብሎ ብቻ ጠየቀ። ከክሩ ሁሉ ጠቃሚው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፤ ያለዚህ ቁጥር የተቀረው ግምት ነው።

6ኛው ሁለት መንገድ አሳየው። አንደኛው ማይኤስኪውኤል ላይ ጄኔራል ሎግ የሚባለውን መዝገብ ለአምስት ደቂቃ መክፈት፣ ገጹን አንድ ጊዜ ተጭኖ መክፈት፣ ከዚያ የተጻፉትን መስመሮች መቁጠር ነው። መዝገቡ ክፍት ቢረሳ ዲስክ ይሞላል፣ ስለዚህ ወዲያው መዝጋት። ሁለተኛው መንገድ ሳንቲም ሳይወጣበት ክላውዱን ቢሮ ውስጥ መፍጠር ነው። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ሊኑክስ ይጫንበትና በስዊቹ (የቢሮውን ኮምፒውተሮች በኬብል በሚያገናኘው ሳጥን) እና በሰርቨሩ መሃል እንደ ድልድይ ይቀመጣል፤ ቲሲ በሚባለው ትዕዛዝ ውስጥ ባለው ኔትኤም በእያንዳንዱ ካርድ 75 ሚሊሰከንድ መዘግየት ይጨመራል፣ በድምሩ 150። 1 በመቶ መጥፋትም ይታከልበታል። ከዚያ የሂሳብ ክፍሉ ግማሽ ቀን እንዲሠራበት ማድረግ ነው። ሠራተኛው ሲስተም የለም ብሎ ከተነሣ ውጤቱ ታወቀ ማለት ነው። ጥያቄው ከበዛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አንድ ዓይነት ነው፦ ፕሮግራሙ 300 ደረሰኝ ይዘረዝርና የእያንዳንዱን ደንበኛ ስም ለብቻው ተመልሶ ይጠይቃል። ሁለቱን ሰንጠረዥ በአንድ ጥያቄ ማጣመር 300ውን ወደ 1 ያወርደዋል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ካለ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

7ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። እስካሁን የጻፉት ሁሉ ስለ ፍራንክፈርትና ኬፕታውን ሲነጋገሩ አገር ውስጥ ያለውን የረሱ መሆናቸው አናደደው። ዊንጉና ራክሲዮ የሚባሉ ኩባንያዎች አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ዳታ ሴንተር አላቸው፤ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌ ክላውድ በሚል ስም ቨርቹዋል ሰርቨር በብር ያከራያል። ከሜክሲኮ እስከዚያ ያለው ደርሶ መልስ በጣት የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ነው፣ የባሕር ኬብልም አይፈልግም። የካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ሲቆረጡ የአገር ውስጥ ሰርቨር ያለው ቢሮ ሥራው ባልቆመበት ነበር አለ። 2ኛውን ሲጠቅስ ከእርስዎ ወደ አንተ ወርዶ፣ የአገሩን ገበያ ሳያውቅ ሰው እንደሚያሳስት ጻፈለት። ነገሩ እውነት ነው፣ አነጋገሩ ግን አያስፈልግም ነበር፤ ቀጥሎ ያለው ግማሽ ክር በዚህ ምክንያት ነው የሻከረው።

3ኛው ተመልሶ 8ኛውን ጻፈ። የአገር ውስጡን ይደግፋል፣ ግን በብር መሆኑ ብቻ በቂ አይደለም አለ። ውሉ ላይ ከመፈረም በፊት በጽሑፍ መመለስ ያለባቸውን ዘረዘረ። ቅጂው የሚቀመጠው በዚያው ሕንጻ ነው ወይስ በሌላ? ደንበኛው ሲለቅ የዲስኩን ምስል በምን ዓይነት ፋይል ይወስዳል፣ በስንት ቀን? ሌሊት ችግር ቢፈጠር የሚያነሣው ስልክ የማን ነው? ውሉ 99.9 በመቶ ቢል በወር 43 ደቂቃ መቆም የተፈቀደ ነው፤ 99 በመቶ ቢል ደግሞ ከ7 ሰዓት በላይ። ያ ቃል ሲሰበር የሚመለሰው ከኪራዩ ላይ ትንሽ ቅናሽ እንጂ የጠፋው ሽያጭ አይደለም። ይህ የውጭዎቹም ውል ላይ እንዲሁ ነው።

9ኛውን መላሽ ወጣቶቹ ጋሼ ይሉታል። ክርክሩን በእርጋታ ወደ መስመሩ አዞረው፦ ክላውዱ የትም ይሁን የት፣ ቢሮውን ከእሱ የሚያገናኘው መንገድ ስንት ነው? ከሁለት ኩባንያ ሁለት ፋይበር ማስገባት ጥሩ ነው፣ ግን ሁለቱ ከአንድ ቦይ መጥተው በአንድ ቱቦ ሕንጻው ውስጥ ከገቡ አንድ ናቸው። መንገድ በሚቆፈርበት በዚህ ጊዜ አንድ የኤክስካቫተር ባልዲ ሁለቱንም ያነሣቸዋል። ስለዚህ ምድር ቤት ወርዶ ኬብሎቹ የት እንደሚገቡ በዓይን ማየት፣ ከተገናኙ ሁለተኛውን በአየር ማድረግ፤ ማለትም ጣራ ላይ የሬድዮ አንቴና፣ ካልሆነም 4ጂ ሲም የሚቀበል ራውተር። ራውተሩ መስመር ሲቀይር ወደ ውጭ የሚታየው አይፒ አድራሻ ስለሚቀየር ብዙ ቪፒኤን ይበጠሳል፤ ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤን ግን አድራሻው ቢቀየርም ይቀጥላል። ይህን በወር አንድ ቀን፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት ዋናውን ኬብል ነቅሎ መሞከር ይገባል አለ። ያልተነቀለ መጠባበቂያ መስመር እንዳለ አይቆጠርም።

ጋሼ አንድ ነገር ጨመረ። ክላውድ ከሱቁ መስመር መቋረጥ አያድንም፤ እንዲያውም ያጋልጣል። ዛሬ ፒያሳ ያለው ሱቅ ከሜክሲኮ ጋር ሲቋረጥ የሚቆመው ፒያሳ ብቻ ነው፣ ሰርቨሩ ከወጣ በኋላ ግን የራሱ መስመር ሲቋረጥ ሜክሲኮም ይቆማል። ስለዚህ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው፣ ደረሰኙንም የሚያወጣው ፕሮግራም፣ ሱቁ ውስጥ ካለ ትንሽ ኮምፒውተር ጋር መቆየት አለባቸው። ሽያጩ እዚያው ተመዝግቦ መስመር ሲመጣ ወደ ማእከል ይላካል። ሁለት ሱቅ አንድ ቁጥር እንዳይሰጡ ለየሱቁ የራሱ መለያ ፊደል ያለው ተከታታይ ቁጥር ይበጅለት። ኮም ፖርት በሚባለው የኬብል መሰኪያ ላይ የተሰካ ማተሚያን በሪሞት ዴስክቶፕ ለማሠራት መሞከር ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በተቋረጠ ደረሰኝና በጮኸ ደንበኛ ነው።

10ኛው ከርእሱ ወጣ ብሎ ደረጃ ሥር ስለተቀመጠው ሰርቨር ጻፈ፤ መውጣቱ ግን የጠቀመ ነው። አንዳንድ አምራቾች የሰርቨርን ከፍተኛ የሙቀት ገደብ 35 ዲግሪ ብለው የሚጽፉት እስከ 950 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል፣ አየሩ ስለሚሳሳ ቬንትሌተሩ የሚወስደው ሙቀት ያንሳልና። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ገደቡ ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል። በር የተዘጋበት ደረጃ ሥር ቀን ላይ ይህን ማለፍ አይከብደውም። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘውን ዩፒኤሱንም አሰላ፦ ባለ 3 ኪሎቮልት አምፔር መሣሪያ ውስጥ ስድስት ባለ 12 ቮልት 9 አምፔር ሰዓት ባትሪ ቢኖር 648 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ በፍጥነት ሲጎተት ከዚህ 60 በመቶ ያህል ቢገኝ ለ600 ዋት ጭነት 39 ደቂቃ ነው፣ ያውም ባትሪው አዲስ ሳለ። ሦስትና አራት ዓመት ያለፈው ባትሪ ጄኔሬተሩ እስኪነሣም ላይቆይ ይችላል። ሰርቨሩ ክላውድ ቢወጣም ራውተሩ፣ ስዊቹና የፋይበሩ መቀበያ ዩፒኤስ ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ የመብራት ጣጣ ያበቃል የሚለው አይይዝም።

11ኛው ስለ ደህንነት ነው፣ ኮስተር ያለ ነው። ክላውድ ላይ ዊንዶውስ ሰርቨር አውጥቶ የሪሞት ዴስክቶፕን በር፣ ማለትም 3389ን፣ ለዓለም ክፍት የተወ ሰው በሰዓታት ውስጥ የፓስወርድ ግምት ይዘንብበታል፤ አንዱ ደካማ ፓስወርድ ከተገኘ የሚከተለው ፋይሎቹን ሁሉ ቆልፎ ገንዘብ መጠየቅ ነው። በሩ ከቪፒኤን ውስጥ ብቻ ይከፈት፣ እያንዳንዱ ሰው በስልኩ በሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይግባ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምክሩ ለብዙ ድርጅቶች የሚሠራ ነው። የክላውዱ ዋና አካውንትና የድርጅቱ ዶሜይን (የኢንተርኔት ስሙ) በአይቲ ሠራተኛው የግል ኢሜይል አይከፈቱ። ሰውየው የለቀቀ ዕለት ድርጅቱ የራሱን ሰርቨር በር ማንኳኳት ይጀምራል። በድርጅቱ ዶሜይን የተከፈተ፣ ሁለት ኃላፊዎች የሚያገኙት አድራሻ ይሁን፤ የመግቢያ ኮዶቹም ታትመው ካዝና ይግቡ።

2ኛው የተናገሩት ቆርቁሮት 12ኛውን ጻፈ። የክላውድ ኩባንያዎች በየቀኑ ቅጂ እንደሚወስዱ፣ ሌላው ሁሉ ማስፈራሪያ እንደሆነ ነው የተከራከረው። 13ኛው በሁለት ምሳሌ ዘጋው። መጋቢት 10 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ያለ የክላውድ አቅራቢው የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ሲቃጠል ቅጂያቸው እዚያው የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። ግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያው የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር በጉግል ክላውድ ላይ የነበረው የግል ክላውድ በአቅራቢው ስሕተት ሲሰረዝ፣ ካዳኑት ነገሮች አንዱ በሌላ አቅራቢ ዘንድ የነበረው ቅጂ ነው። በአንድ አካውንት ሥር ያለ ስናፕሾት (ክላውዱ የሚያነሣው የዲስክ ቅጂ) ከአካውንቱ ጋር ይጠፋል። ስለዚህ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሁሉም ርቆ፤ ያ የራቀው ደግሞ ለተወሰነ ቀን ማንም፣ አስተዳዳሪውም ጭምር፣ ሊሰርዘው የማይችል ሆኖ የተቆለፈ። የድርጅቱ ዳታቤዝ ትንሽ ስለሆነ በየሌሊቱ ወደ ቢሮው ዲስክ ማውረድ ርካሽ ነው። 2ኛው ከዚህ በኋላ ስለ ቅጂ አልተከራከረም።

14ኛው መላሽ ክሩን ወደ ፊደልና ወደ ዘመን አቆጣጠር ወሰደው፣ እኔም በደስታ ተከተልኩት። አሮጌው ዳታቤዝ ላቲን 1 በሚባለው የፊደል ስብስብ ተበጅቶ ከሆነ ሲገለበጥ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሊሆን ይችላል፣ ከሆነ ወዲያ አይመለስም። ፊደላችን ዛሬ በተለመደው የፊደል አመዘጋገብ በዩቲኤፍ 8 ለአንዱ ቀለም 3 ባይት ይወስዳል፣ የዓምዱ ስፋት በባይት የተወሰነበት ፕሮግራም ስሙን ከመሃል ይቆርጠዋል። ቀኑ ደግሞ የባሰ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 30ን በቀን ዓምድ ውስጥ 02 ወር 30 ብሎ ያስገባ ፕሮግራም በድሮው ማይኤስኪውኤል ዝም ተብሎ ወደ ዜሮ ቀን ይቀየርበት ነበር፤ ከ5.7 ወዲህ ያለው ደግሞ በነባሪ አይቀበለውም፣ ግልበጣው መሃል ላይ ይቆማል። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነ እንዲሁ። መዝገቡ በጎርጎርዮስ ይቀመጥ፣ በእኛ አቆጣጠር የሚታየው ስክሪን ላይ ብቻ ይሁን አለ። የክላውድ ሰርቨሮች ሰዓት ብዙ ጊዜ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሆነ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ቅጂው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲጀምር ፈልጎ 8 ብሎ የጻፈ ሰው ሥራው በተጧጧፈበት ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ያስጀምረዋል። ትክክለኛው ቁጥር 23 ነው።

15ኛውና 16ኛው በሀሎች ተጣሉ። አንደኛው ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ ሦስት ደንበኛ ሆነው እንደሚመዘገቡ፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ሁሉንም በአንድ ሀ ቀይሮ መጻፍ እንዳለበት ነገረ። ሌላው የሰውን ስም ማበላሸት ነውር ነው ብሎ ተቆጣ። ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጥ፣ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን፣ ሞክሼዎቹ የተዋሐዱበት ሌላ ዓምድ ይጨመር የሚለውን ያመጣው ከቁጣው በኋላ ነው፤ ትክክልም ነው። 17ኛው ሁለቱንም ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ ጠይቆ አለፈ።

18ኛው ስለ ሕግና ስለ ክፍያ ጻፈ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ ወደ ውጭ አገር ለማስተላለፍ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ስለዚህ የደንበኞችና የሠራተኞች ዝርዝር የሚወጣ ከሆነ የሕግ አማካሪው ቀድሞ ይየው። ከውጭ በኢንተርኔት የሚገዛ አገልግሎት በአዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ውስጥ ገብቷል፣ ሂሳብ ክፍሉ በጀት ላይ ያስበው። ካርዱ ላይ ዶላር ሳይኖር ሲቀር ክፍያው ይመለሳል፣ ከተደጋገመ አገልግሎቱ ይታገዳል። ለሦስት ወር የሚበቃ ዶላር ሳይዙ ዋናውን ሥራ ውጭ ላይ መስቀል አደጋ ነው።

19ኛው ረጅሙ ሲሆን የዝውውሩን ቅደም ተከተል ይዟል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት አትነካኩት ብሎ ጀመረ፤ ሰኔ 30 ሂሳብ ይዘጋል፣ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ያስታውቃል፣ እንግዲህ ኅዳር ነው። 400 ጊጋባይቱ በ10 ሜጋቢት ያለ ማቋረጥ ቢጫን 89 ሰዓት ይፈጃል፣ መስመሩ 70 በመቶ ቢሰጥ ከአምስት ቀን በላይ። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት ሌሊት ሌሊት፣ ሲቋረጥ ካቆመበት በሚቀጥል መሣሪያ ይላክ፤ በመጨረሻው ቀን የሚሄደው የተለወጠው ብቻ ይሆናል። የዶሜይኑ አድራሻ የሚታደስበት ጊዜ ከአንድ ቀን በፊት ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ ይበል። ቅዳሜ ማታ ሽያጭ ተዘግቶ የአሮጌው ዳታቤዝ መጻፊያ ይቆለፍ፣ ይገልበጥ፣ የየሰንጠረዡ መስመር ብዛት ይመሳከር፣ የደንበኛ ሂሳብ ድምር በሳንቲም ይተያይ። ቴክኒሻኑ ሠራ ማለቱ አይበቃም፤ የሂሳብ ሠራተኛዋ እሑድ ገብታ የመጨረሻውን ደረሰኝ ታውጣ፣ አንድ የሙከራ ሽያጭ ትመዝግብ፣ ትሰርዝ። እሑድ 10 ሰዓት ላይ ያልተሟላ ነገር ካለ ያለ ክርክር ወደ አሮጌው መመለስ። አሮጌው ሰርቨር ለአንድ ወር ሳይነካ ይቀመጥ።

የመጨረሻው 20ኛው የከፋቹ የራሱ ነው። የ6ኛውን ፈተና አድርጎ የሽያጭ ገጹ 380 ጥያቄ እንደሚልክ ቆጥሯል፤ በ150 ሚሊሰከንድ መዘግየት 57 ሰከንድ መጣ። የፕሮግራሙ ጸሐፊ ጥያቄዎቹን እስኪያጣምር ዳታቤዙ አይንቀሳቀስም። ፒችትሪው አገር ውስጥ ባለ ዳታ ሴንተር በሪሞት ዴስክቶፕ ይሆናል፣ ስካኑ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ እዚያው ይወጣል፤ የተቆለፈችው የሩቅ ቅጂ ብቻ ወደ ውጭ ትሄዳለች፣ ተመስጥራ። ከዚያ ጋሼ እንዳለው ለመግባት ያሰቡትን አዲስ ሕንጻ ምድር ቤት ወርዶ አይቷል። ሁለቱም ፋይበሮች የሚገቡት በአንድ ቱቦ ነው። ከአከራዩ ጋር የጣራ ላይ አንቴና ፈቃድ ውሉ ውስጥ እንዲገባ እየተነጋገሩ መሆኑን ጽፎ፣ አንቴናው ለመብረቅ መከላከያ የሚሆነው መሬት ሽቦ ስንት ኦም መሆን እንዳለበት ጠይቋል። እስካሁን የመለሰለት የለም።